ከቂቤ የተረፈው ዲግሪ

አባቴ ዲግሪዬን ላሚኔት አስደርገው ላኩልኝ። ይህን ለአሜሪካኖች ስነግራቸው ምኑ ላይ ነው ችግሩ በሚል ዓይን ያዩኛል። የአገሬ ሰው ደግሞ ጎሽ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው ይላል። እኛ የምንወደውን ወረቀት በፕላስቲክ ካላሸግነው እንቅልፍ አይወስደንም። የልደት ካርድ፣ የሚኒስትሪ ውጤት፣ የሟች ዘመድ ፎቶ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባና እየሞቀ፣ እያብረቀረቀ ይወጣል። ኮምቦልቻ ያለውን የአባቴን ሳጥን የከፈተ ሰው ራቁቱን የተቀመጠ አንድ ወረቀት አያገኝም።

ዲግሪው የተፈለገው ለሥራ ነበር። እዚህ አትላንታ፣ ክላርክስተን ውስጥ፣ ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ጋር ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተካፍለን እንኖራለን። እሱ በመኪናው ሰው ያመላልሳል፤ እኔ በቫን ዕቃ አደርሳለሁ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ቻይና፣ ሸንያንግ በምትባል የሰሜን ከተማ ነው፤ ከቋንቋው ዓመት ጋር አምስት ዓመት። አትላንታ ከገባሁ ጀምሮ በሙያዬ ልሥራ ብዬ ያላመለከትኩበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ ደንዉዲ ያለ አንድ ትንሽ የምህንድስና ቢሮ ሁለት ጊዜ አነጋግሮኝ ኦፈር ሌተር ላከልኝ። ሥራው ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ ማውጣት ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዲግሪዬ ከዚህ አገር ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ማስረጃ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ማቅረብ። ይህን ማስረጃ የሚሰጥ ገምጋሚ ቢሮ አለ፤ ቢሮው የሚያየው ግን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ነው።

ዋናው ኮምቦልቻ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አባቴ "ዋናው እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ አንተ በኮፒው ሂድ፤ መንገድ አይታመንም" አሉ፤ እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ ብቻቸውን ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈሩ ወረቀት አዋቂ ሆኑ፤ ይህ ፎርም እንዴት ይሞላል፣ ይህ ደብዳቤ ለማን ይገባል የሚል ሁሉ ከአስር ሶላት በኋላ እሳቸውን ፍለጋ ይመጣል። ዲግሪውንና ዩኒቨርሲቲው አሽጎ የሰጠኝን የትራንስክሪፕት ፖስታ በፈጣን መልእክት ይላኩልኝ ስላቸው ተቆጡ። ሰው እያለ ፖስታ ማንን ያውቃል አሉኝ። የሰፈራችን አንዲት ሴትዮ ክላርክስተን ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሊመጡ ነው፤ በሴትዮዋ እጅ ይመጣል ተባለ፣ አለቀ።

ሴትዮዋ በገቡ በማግሥቱ ልጆቻቸው ቤት ሄድኩ። ሻንጣው ሲከፈት የበርበሬው ሽታ ቤቱን ሞላው። ከሥሩ ሦስት ጣሳ ቂቤ አለ፤ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ተጠቅልሎም ወዙ አምልጦ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ አበላሽቷል። ፖስታዬን ከልብሱ መሃል አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "አባትህ ቂቤው እንዳይነካብህ ብለው ስንት ደከሙ መሰለህ" አሉኝ። ፖስታውን ገልበጥ ሳደርገው ዩኒቨርሲቲው መዝጊያው ላይ የመታው ቀይ ማህተም ለሁለት ተከፍሎ በአዲስ ኮላ ተለጥፏል። ውስጡ ትራንስክሪፕቱ በፕላስቲክ፣ ዲግሪውም ከቀይ ሽፋኑ ወጥቶ በፕላስቲክ። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ አንድ የአየር አረፋ እንኳ የለውም። አመስግኜ፣ ሻይ ጠጣ ሲሉኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ትራንስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ግን አንዴ ከገባሁበት መውጣት አቃተኝ።

ቻይንኛ ቋንቋ፣ ሰማንያ አንድ ይላል። ሰማንያ አንዱን ያገኘሁት በብርድ ነው። ሸንያንግ ውስጥ የክፍል ማሞቂያ የሚከፈተው ከተማው በቆረጠው ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ብትሞትም አይከፈትም። እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ የሄድኩት በአንድ ሹራብ ነው። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ እጄን ብቻ አውጥቼ ፊደላቸውን እየደጋገምኩ እጽፋለሁ። ገጽ ሙሉ የጻፍኩትን ፊደል በማግሥቱ ሳየው ከነጭራሹ አላውቀውም። አባቴ በስልክ ብርዱ እንዴት ነው ይሉኛል፤ ለምጄዋለሁ እላቸዋለሁ።

ዶርማችን ሻወር አልነበረውም። ሰዉ የሚታጠበው ግቢው ውስጥ ባለ የጋራ መታጠቢያ ነው፤ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩ ቧንቧዎች፣ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም እንደተወለደ ነው። እኔ አባቴ ፊት ሸሚዜን አውልቄ የማላውቅ የወሎ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ቁምጣ ለብሼ ገባሁ። ጥቁርነቴን ያን ያህል ከቁብ አልቆጠሩትም፤ ቁምጣዬን ለማየት ግን ያልዞረ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቆዳህን ታመሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ክፍሌ ውስጥ በባልዲ ታጠብኩ። በሦስተኛው ተሸንፌ እንደ ሰዉ ሆንኩ። ያን ቀን ወደ ዶርም ስመለስ ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም በትክክል አላውቀውም፤ ከሰው ተራ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

የሰርኪዩት ትምህርት ስድሳ ነው። ስድሳ ማለፊያዋ ናት። መጀመሪያ ስፈተን ሠላሳ ስምንት ነው ያመጣሁት፤ መምህሩ በአገራቸው ዘዬ ቶሎ ቶሎ ስለሚናገሩ ከአንድ ሰዓት ትምህርት የሚገባኝ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነበር። ድምፃቸውን በስልኬ ቀርጬ ምሳ ስበላ፣ ልብስ ሳጥብ፣ አውቶቡስ ውስጥ እሰማቸዋለሁ። ድጋሚ ፈተናው ስድሳ ሲሆን መምህሩ ጠርተው ስድሳዋን ያገኘኸው በመልስህ ሳይሆን በፊትህ ነው አሉኝ። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ስለማያጡኝ አዝነውልኝ ይሁን ሰልችቻቸው አልጠየቅኩም። ከሁሉ የበለጠው ውጤቴ ስፖርት ነው፣ ዘጠና ሁለት። ስፖርት የሚሉት ጠዋት ጠዋት በጭጋግ ውስጥ ተሰልፈን እጃችንን እንደ ሕልም እያንሳፈፍን የምናነሳበትና የምናወርድበት ነገር ነው። አባቴ ውጤቴን ስነግራቸው በዚያች ዘጠና ሁለት የኮሩትን ያህል በሌላው አልኮሩም።

ረመዳን በበጋቸው ሲውል ቀኑ አያልቅም። የሙስሊሞች ካፌ ፎቅ ላይ ነበር፤ የሚዘጋው ግን መግሪብ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ምግቤን ቀድሜ ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ ክዳኑን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሲደርስ ሩዙ ደርቆ፣ ሾርባው ላይ ሞራው ረግቶ ይጠብቀኛል። ብቻዬን ነው የማፈጥረው። የዶርሙ ጠባቂ፣ በቋንቋቸው አክስት እያልን የምንጠራት ሴትዮ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ሁለት ጊዜ ወርሳብኛለች፤ በሦስተኛው ግን፣ በብርዱ ወራት፣ ታች ያለው ክፍሏ ወስዳ በራሷ ምድጃ ሽሮ እንድሠራ ፈቀደችልኝ። እጇን አጣምራ ከጎኔ ቆማ ጠበቀችኝ። ሽሮው ሲንተከተክ ሽታው ስላልጣማት መስኮቱን ከፈተችና ብርዱ ገባ። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

ከሁሉ የከፋው ግን የአዲስ ዓመታቸው ዕረፍት ነው። ግቢው በሁለት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል። ካፌው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውጭ ቀኑን ሙሉ ርችት ይንጣጣል። አንድ ዓመት፣ ከዶርማችን እኔ ብቻ ቀርቼ፣ ለሰው አንድ ቃል ሳልናገር ስድስት ቀን አለፈ። በሰባተኛው አውቶቡስ ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ ተመለስኩ። የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም። ፌርማታ በደረስን ቁጥር የምትናገረውን የማሽን ድምፅ ለመስማት ነው፤ ቢያንስ ለእኔም ጭምር ነው የምትናገረው።

ይህ ሁሉ ከፕላስቲኩ ሥር ነበር። ያቺን ደንዉዲ ያለች ወንበር ካገኘሁ ያ ሁሉ ብርድ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነበር የማስበው። ካላገኘኋት ዝም ብዬ የበረደኝ ሰው ነኝ።

ገምጋሚው ቢሮ ያነጋገረችኝ ሴት ደግ ነበረች። ወረቀቶቹን ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና ደወለችልኝ። የተከፈተው ፖስታ ችግር ነው፣ ፕላስቲኩም ችግር ነው፣ ግን መላ አለው አለችኝ። እሷ ራሷ የዲግሪውን ቁጥር ለዩኒቨርሲቲው ትልካለች፣ ማህተሙን ከእነ ፕላስቲኩ ታየዋለች፣ እነሱ ካረጋገጡ ያልቃል፤ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሐሙስ ይዤው እንድመጣ ቀጠረችኝ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ምንም እንዳትነካው፣ እንዳለ አምጣው አለችኝ። በደንብ ነው የሰማኋት። ሳልሰማ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው በሆንኩ።

እኔን የያዘኝ ያ ጥቂት ሳምንት የሚለው ነው። ሥራ የምጀምርበት ቀን ቀርቦ ነበር። ለደንዉዲዎቹ ደውዬ ትንሽ ልትጠብቁኝ ትችላላችሁ ወይ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ግን ፈራሁ። ገና ሳልጀምር ችግር የሚያመጣ ሰው እንዳልመስል። ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር ማስቀመጡም አሳፈረኝ። አባቴን የማያውቁ ሰዎች በአባቴ ሥራ ሲስቁ ታየኝ።

እሁድ ከቀትር በኋላ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አሙቆ እንደ ሙዝ ሲልጠው። "ጀስት ሂት አድርገው ብሮ" አለኝ፤ "ሲለሰልስ ከጥጉ ፒል ታደርገዋለህ፣ ሱፐር ኢዚ ነው።" እሱ ይህን ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። በእሱ አላሳብብም፤ ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ካውያውን የሰካሁት እኔ ነኝ።

ዲግሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፎጣ አነጠፍኩበት፣ በላዩ ካውያውን ለብ አድርጌ አሳለፍኩ፣ ጥጉን በምላጭ ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣት ያህል በንጽሕና ተነሱ። ያ ነው ያሳሳተኝ። ወረቀቱ ሲታይ፣ እጄ የዩኒቨርሲቲውን ወረቀት ከስንት ጊዜ በኋላ ሲነካ ደስ አለኝ፤ እያፏጨሁ ነበር። ከዚያ ፎቶዬ ጋ ስደርስ ከበድ አለ። ትንሽ ሳብ አደረግኩት። ፎቶው ከላይ ከተመታበት ደረቅ ማህተም ጋር ተነስቶ ፕላስቲኩ ላይ ቀረ። ቀዩ ማህተም ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆነ። በእጄ ልመልሰው ስሞክር ስሜ ላይ ያለው ቀለም ተላጠ። ካውያውን ነቅዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ሲመለስ እዚያው አገኘኝ፤ ወረቀቱን አየና ጫማውን አውልቆ ክፍሉ ገባ።

ሐሙስ የገምጋሚው ቢሮ ሴት ወረቀቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። አንተ ነህ እንዲህ ያደረግኸው አለችኝ። አዎ አልኳት። ለእሷ እውነቱን ተናገርኩ፤ የማላውቃት ሴት ነች፣ አልከበደኝም። የተነካካ ሰነድ ቢሯቸው ሊቀበል እንደማይችል፣ ዩኒቨርሲቲው አዲስ ካልሰጠኝ በቀር ፋይሌ እንደሚዘጋ ነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲውን ጻፍኩለት። ዲግሪ በሕይወት አንዴ ነው የሚሰጠው አሉ። ተመርቋል የሚል ማረጋገጫ መስጠት ይቻላል፤ ለዚያ ግን ራሴ መገኘት ወይም እዚያው አገር ያለ ሕጋዊ ወኪል መላክ አለብኝ። ሸንያንግ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም። አብረውኝ የተማሩት ተበትነዋል፤ እኔም አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የደንዉዲ ቢሮ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ። የደወለችልኝ ሴት ከልቧ አዝናለች። ሊዘገይ እንደሚችል ብትነግረን እኮ ሁለት ወርም እንጠብቅህ ነበር አለችኝ። ያን ጊዜ ዕቃ እያደረስኩ ነበርና መኪናውን ዶራቪል አንድ የቻይና ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ነው ያነጋገርኳት። ከዚያ ውኃ ልገዛ ሱቁ ገባሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቻይንኛ ስትናገር ሳላስበው በቋንቋዋ መለስኩላት፤ ደስ ብሏት የት ተማርከው አለችኝ። ሸንያንግ ስላት እዚያ ምን ትሠራ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ለጥቂት ቀን በእንግድነት ነው የሄድኩት አልኳት። እንዴት እንዲህ በጥቂት ቀን፣ ብላ ተገረመች።

አባቴ በየጁምዓው ይደውላሉ። ሦስት ጁምዓ ገና ነው፣ ገና ነው እያልኩ አሳለፍኳቸው። በአራተኛው ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ አልኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው "ፕላስቲኩ ነው አይደል?" አሉኝ።

እንዴት እንደደረሱበት አላውቅም። ምናልባት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰምተው ይሆናል፤ ምናልባት ድምፄ ነግሯቸው ይሆናል። አይደለም፣ እኔ ነኝ በእጄ የላጥኩት፣ እንዳትነካው እየተባልኩ የነካሁት፣ ብዬ መናገር ነበረብኝ። በፕላስቲኩ ብቻ ቢሆን ዛሬ ደንዉዲ ተቀምጬ ነበር።

"አዎ አባባ" አልኳቸው።

"እኔ ቂቤው እንዳይነካው ብዬ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አለፈ። ዕቃ አደርሳለሁ። ሸንያንግ ሄጄ ማረጋገጫውን ላምጣ ማለት ይቻላል፤ ለየትኛው ሥራ እንደማመጣው ግን አላውቅም፣ ማመልከቱንም ትቼዋለሁ። ፖስታዬን ያመጡልኝ ሴትዮ አገር ቤት ተመልሰው ለልጆቻቸው እንደነገሯቸው አባቴ የሰው ወረቀት ማየት ትተዋል። ፎርም ይዞ የመጣውን እኔ አላውቅበትም፣ ሌላ ሰው ጠይቅ ብለው ይመልሱታል። ከአስር በኋላ ከሰው ጋር አይቀመጡም፤ ሰግደው ቀጥታ ቤታቸው ይገባሉ። ይህን ስሰማ በዚያው ሰዓት ስልኬን አንስቼ ቁጥራቸውን አወጣሁት። አልደወልኩም። እውነቱን ብነግራቸው ወረቀቱን ስላበላሸሁ አይቆጡኝም፤ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሸከሙት መተዌን ግን እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ባለፈው ጁምዓ ደወሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ጠንከር ብሏል። ለብዙ ዓመት የተመኙት ሐጅ ዘንድሮ ደርሷቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይነሳሉ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ አፉ ያስብላል፣ ይቅር በሉኝ ይላል። ጎረቤቱን ጨርሰዋል፣ የፋብሪካ ጓደኞቻቸውን ጨርሰዋል፣ ከሞተው ጓደኛቸው ቤት ሳይቀር ሄደው ልጆቹን አፉ አስብለዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

"የልጄን ሐቅ ይዤ አልሄድም" አሉኝ። "የአምስት ዓመት ልፋትህን ነው ያበላሸሁብህ። አፉ በለኝ።"

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ እዚያ ማዶ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። እኔ ነኝ ብላቸው በዚያች ቅጽበት ቀሏቸው ይሄዱ ነበር።

"አፉ ብያለሁ አባባ" አልኳቸው።

"አላህ ይስጥህ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ቀጠል አድርገውም፣ "አንተ አፉ ብትለኝም፣ እዚያ ደርሼ ካዕባ ፊት ስቆም መጀመሪያ የምለምነው ለዚሁ ጥፋቴ ነው" አሉ።

እሺ አልኳቸው።